ሐዋሳ ውስጥ እየነዱ ስልክ ላለመንካት፦ ከመነሳታችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ?

መሪ ይዞ ስልክ ማውራት ክልክል መሆኑን የማያውቅ ሹፌር ሐዋሳ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ተምረነዋል፣ ትራፊክ ሲያስቆመን ሰምተነዋል። ሆኖም ከፒያሳ ወደ አቶቴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ትንሽ ብትቆሙ፣ አንገቱን አዘንብሎ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ የሚያልፍ ሹፌር ታያላችሁ፤ ከኋላው ደግሞ ጭኑ ላይ ያለውን ስልክ አጎንብሶ እያየ የሚከተል አለ። ሁለቱም ሕጉን ያውቃሉ። የሚያቅታቸው ስልኩ ሲጠራ ነው። የደወለችው እናት ልትሆን ትችላለች፣ ቋሚ ደንበኛ ሊሆን ይችላል፣ የባጃጁ ባለቤት ሊሆን ይችላል። በዚያች ቅጽበት "ላንሳው ወይስ ልተወው" ብሎ ማሰብ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያነሳዋል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። ስልኩ ከጠራ በኋላ ለመወሰን አትሞክሩ። ቁልፍ ከማዞራችሁ በፊት ነገሩን ጨርሱት፤ እየነዳችሁ እጃችሁ ሊደርስበት የማይችል ስልክ፣ ድምፁም የማይሰማ ስልክ፣ አይፈትናችሁም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ

የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 እያሽከረከሩ ስልክ መጠቀምን ጥፋት አድርጎ አስቀምጦታል። ከዚያ ወዲህ ደንቦቹ ሲሻሻሉ የቅጣቱ ነገር ተለዋወጠ እንጂ ክልከላው አልተነሳም። ጥፋቱ ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ ሲደራረብ ደግሞ መንጃ ፈቃድን እስከማሳገድ ይደርሳል። ብዙ ሰው ስለ ቅጣቱ ብር ብቻ ነው የሚያወራው፤ እኔ ግን ሹፌር ሁሉ ሊያነበው ይገባል የምለው ሌላ ነገር ነው።

እሱም በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ነው። ሹፌር በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና በገንዘብ ይቀጣል። ግን ያው አንቀጽ ወረድ ብሎ ሌላ ነገር ይላል፦ ገዳዩ ግልጽ የሆነ ደንብ ወይም መመሪያ እያወቀ የጣሰ ከሆነ፣ ወይም የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር ይሆናል። ልብ በሉ። ፍሬን እምቢ ሊል ይችላል፣ ጎማ ሊፈነዳ ይችላል፣ እነዚህ ሳይታሰብ የሚመጡ ናቸው። ስልክ ግን ሳያስበው ያነሳ የለም። የከለከለው ደንብ ግልጽ ነው፣ እጃችንም አውቆ ነው የሚሄደው። "አላየሁትም ነበር" የሚለው መልስ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ የጥሪው ሰዓትና ደቂቃ ተመዝግቦ ባለበት፣ ምን ያህል እንደሚያዋጣ አስቡት።

ይህ ጉዳይ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ አገር ከ2003 ጀምሮ፣ በእነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት የተከለከለ ሲሆን ዛሬ ቅጣቱ 200 ፓውንድና መንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ 6 የጥፋት ነጥብ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሹፌር 6 ነጥብ ከያዘ ፈቃዱን ይነጠቃል። እዚያ መብራት ላይ ቆሞ ስልክ መያዝም እንደ መንዳት ነው የሚቆጠረው። አውስትራሊያ ውስጥ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት ደግሞ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ፣ ይህም በእነሱ አቆጣጠር ነው፣ ስልክ የያዘን እጅ ከላይ ሆነው ፎቶ የሚያነሱ ካሜራዎችን መንገድ ላይ ተክሏል።

በጆሮ ማዳመጫ ቢሆንስ?

ይህን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቃል። እጄ ነጻ ከሆነ ምን ችግር አለው? የሚል ነው። በ1997 በእነሱ አቆጣጠር ቶሮንቶ ውስጥ ግጭት የደረሰባቸውን 699 ባለስልክ ሹፌሮች የጥሪ መዝገብ ያገላበጡ ተመራማሪዎች ነበሩ። ስልክ እያወሩ መንዳት የግጭት አደጋን ወደ አራት እጥፍ ከፍ እንደሚያደርገው አገኙ። በእጅ ያልያዙትም ከያዙት የተሻለ ደህንነት አልነበራቸውም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እጅ መሪ ላይ ቢሆንም ቀልብ ሌላ ቦታ ነው። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ከሆነ የሚያወራችሁ፣ ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ እሱም ያያል፣ ወሬውን ቆም ያደርጋል፣ አንዳንዴም "ኧረ ልጁን!" ይላል። ከይርጋለም የደወለው ዘመዳችሁ ግን ምንም አያይም። እናንተ ዜብራ ላይ ስትደርሱ እሱ ስለ ቡናው ዋጋ ይቀጥላል። መልስ ይፈልጋል፣ ዝም ስትሉ "ሃሎ? ትሰማኛለህ?" ይላል። ስለዚህ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር ጊዜ አታጥፉ። ማውራት ካለባችሁ ቁሙ።

ርቀቱን ደግሞ በቁጥር እንየው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ የቴሌግራም መልእክት ለማንበብ አምስት ሰከንድ ዓይናችሁን ብትነቅሉ 55 ሜትር ሳታዩ ሄዳችሁ ማለት ነው። በ60 ከሆነ 83 ሜትር ይሆናል። ሐዋሳ ደግሞ መንገዱ ሜዳና ሰፊ ስለሆነ ፍጥነት ሳይታወቅ ይጨምራል። ያ 83 ሜትር ባዶ አይደለም፤ ብስክሌት አለ፣ ጋሪ አለ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ ጨርሰው በቡድን የሚወጡ ልጆች አሉ። በገብርኤል ንግሥ ወይም በፍቼ ጫምባላላ ሰሞን ደግሞ ሰዉ ራሱ መንገዱን ይሞላዋል።

ባጃጅ ለምትነዱ

ስለ ባጃጅ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፣ ምክንያቱም ከተማዋን የሚያንቀሳቅሳት እሱ ነው። በዚያ ላይ ባጃጅ በአንድ እጅ የማይነዳ ነገር ነው። ግራ እጃችሁ ፍሪሲዮኑን ይጨብጣል፣ ማርሹንም የሚያዞረው እሱ ነው። ቀኝ እጃችሁ ነዳጅ ይሰጣል። ስልክ በግራ ከያዛችሁ ማርሽ መቀየር አትችሉም። በቀኝ ከያዛችሁ ነዳጅ የሚሰጥ የለም፣ ወይም መሪውን ለቅቃችሁ በግራ እጅ ተሻግራችሁ ልትይዙ ነው። ሦስት ጎማ ያለው ነገር በአንድ እጅ ተይዞ ድንገት ሲታጠፍ እንዴት እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም።

የባጃጅ ሹፌር ስልክ የሚነካባቸው ምክንያቶች ከሌላው ይለያሉ። አንደኛው ኮንትራት ነው። ጠዋት ጠዋት ልጅ የሚያደርስላቸው ቤተሰቦች አሉ፣ ማታ ከሥራ የሚወስዳቸው አሉ፣ ሁሉም "የት ደረስክ?" ብለው ይደውላሉ። መፍትሔው ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው። ለቋሚ ደንበኞቻችሁ አንድ ጊዜ በግልጽ ንገሯቸው፦ "እየነዳሁ ስልክ አላነሳም፤ ካላነሳሁ መንገድ ላይ ነኝ ማለት ነው፣ ስቆም እደውላለሁ።" መጀመሪያ ቅር የሚለው ይኖራል። ልጁን የምታደርሱለት ሰው ግን ትንሽ ሲያስበው ይገባዋል፤ ልጁ እኮ ከኋላ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ቴሌብር ነው። ይህ አዲስ ችግር ነው፣ ብዙ ሰውም አላሰበበትም። ተሳፋሪው ሊወርድ ሲል "በቴሌብር ልላክልህ" ይላል፣ ቁጥር ይነገረዋል፣ ይልካል፣ ይወርዳል። ሹፌሩ ጊዜ ላለማጥፋት ይነሳል። ከዚያ ከ127 የሚመጣው መልእክት ገባ አልገባ እያለ፣ አንድ ዓይኑ መንገዱ ላይ አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ ሆኖ ይሄዳል። መልእክቱ ካልመጣ ደግሞ ወደ ኋላ እየዞረ ሰውየውን ይፈልጋል። እንዲህ አድርጉ፦ ሒሳቡን ቆማችሁ ጨርሱ። መልእክቱ እስኪገባ አትነሱ። ተሳፋሪው የቸኮለ ከሆነ ገና ሲሳፈር "በቴሌብር ነው በጥሬው?" ብላችሁ ጠይቁት፤ በቴሌብር ካለ ሳትነሱ ይላክ። ቁጥራችሁን በትልቁ ጽፋችሁ ከፊት ለፊቱ ብትለጥፉት ደግሞ ቁጥር መጥራቱ ይቀራል።

ሦስተኛው ዘፈን ነው። ዘፈን መቀየር የስልክ ወሬ አይመስልም፣ ግን ስልክ መንካት ነው። ፍላሽ ተጠቀሙ፣ ወይም ዝርዝሩን ጠዋት አዘጋጅታችሁ ይሂድ። የማትወዱት ዘፈን ቢመጣ ተሳፋሪ እስኪወርድ ታገሱት።

ስልኩን የት ታስቀምጡታላችሁ? መሪው አጠገብ የሚታሰረው ማስያዣ ለካርታ ጥሩ ነው ይባላል። ለሐዋሳ ውስጥ ሥራ ግን ካርታ የሚፈልግ ባጃጅ ሹፌር የለም፣ ሰፈሩን በቃሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ማስያዣው የሚያገለግለው ስልኩን ዓይናችሁ ሥር ለማድረግ ብቻ ነው። አውልቁት። ስልኩን ከመቀመጫው ሥር ወይም በዚፕ በሚዘጋ ኪስ ውስጥ አድርጉት።

መኪና ለምትነዱ ስልኩን እንዴት ታዘጋጁታላችሁ

መኪና ውስጥ ከገባችሁ በኋላ፣ ሞተር ሳታስነሱ፣ ሁለት ደቂቃ ስጡት። መልስ የሚፈልግ መልእክት ካለ መልሱ። መደወል ካለባችሁ ደውሉ። የምትሄዱበትን ቦታ የማታውቁት ከሆነ ካርታውን አሁኑኑ ሙሉ አድራሻውን አስገብታችሁ ድምፁን ክፈቱት፣ ከዚያ በኋላ ዓይን ሳይሆን ጆሮ ነው የሚሠራው።

ቀጥሎ ድምፁን አጥፉ። አንድሮይድ ላይ ከላይ ወደ ታች ስትስቡ "አትረብሽ" የሚል አለ፣ ስልኩ በእንግሊዝኛ ከሆነ "ዱ ኖት ዲስተርብ" ይላል። እሱን ስትጫኑ ጥሪም መልእክትም ድምፅ አያሰማም። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለና ሙሉ በሙሉ መዝጋቱ ካስፈራችሁ፣ እዚያው ቅንብሩ ውስጥ ተደጋጋሚ ደዋዮችን የሚያሳልፍ ምርጫ አለ። ያው ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ስልኩ ይጠራል። ያኔ ነገሩ የምር እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ቦታ ፈልጋችሁ ትቆማላችሁ። ለቤተሰብም ንገሩ፦ "በጣም አስቸኳይ ከሆነ ሁለቴ ደውሉ፤ ካልሆነ አንዴ ደውላችሁ ተዉት።" አይፎን ያላቸው ሰዎች "ፎከስ" ውስጥ "ድራይቪንግ" የሚል ያገኛሉ፤ እሱ መልእክት ለላከ ሰው "እየነዳሁ ነው" የሚል መልስ በራሱ ይልካል። መልሱን በአማርኛ ጽፋችሁ መቀየር ትችላላችሁ፤ የእንግሊዝኛው መልስ ለአያት አይሆንም።

ባለ ቁልፍ ስልክ ከሆነ ድምፁን ማጥፋት ይበቃል። ሁለት ስልክ፣ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም አንዱ የሳፋሪኮም፣ የምትይዙ ደግሞ ሁለቱንም አስታውሱ። አንዱን ዘግቶ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው።

ከዚያ ስልኩን ከእጃችሁ አርቁ። ከማርሹ አጠገብ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ አትሆንም፣ ጭን ደግሞ ጭራሽ። የኋላ ወንበር ላይ ያለ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። አጠገባችሁ የምታምኑት ሰው ካለ ስልኩን ለእሱ ስጡት፣ እሱ ያንሳ፣ "እየነዳ ነው፣ ምን ልንገርልህ?" ይበል። ይህ ከሁሉም የሚሻል መንገድ ነው። ሚኒባስ ላይ ያላችሁ ደግሞ ረዳት አለላችሁ፤ ስልኩ በሥራ ሰዓት እሱ ጋ ይዋል።

ማቆም የግድ ሲሆን

ስልክ ለማንሳት ብሎ መቆም ራሱ አደጋ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ጥሪው ሲሰማ ድንገት ፍሬን ይዞ ወደ ዳር መግባት ከኋላ ላለው ባጃጅና ከቀኝ ለሚመጣው ብስክሌት ወጥመድ ነው። ስፖኪዮ እዩ፣ ፍሬቻ አሳዩ፣ ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙ። አደባባይ ላይ፣ ዜብራ ላይ፣ ድልድይ ላይ፣ መታጠፊያ ላይ አትቁሙ። ጥሪው ቢያልፍ ይለፍ፣ መልሳችሁ ትደውላላችሁ።

ከተማ ውስጥ ቀላል ነው፣ ሁለት መቶ ሜትር ሳትሄዱ ቦታ ታገኛላችሁ። ከጥቁር ውሃ ወጥታችሁ ወደ ሻሸመኔ ወይም በሌላው በኩል ወደ ዲላ ስትሄዱ ነው የሚከብደው። የመንገዱ ትከሻ ባዶ አይደለም፣ እግረኛና አህያ የሚሄድበት ነው። ስለዚህ ማደያ ወይም ሰፊ ግቢ እስክታገኙ ሂዱ። ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ግማሽ ሰዓት የማይጠብቅ ጉዳይ እምብዛም የለም።

መብራት ላይ ስትቆሙ ስልኩን አውጥታችሁ እንዳታዩ። ሰው "ቆሜያለሁ እኮ" ይላል። ግን መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን የምታስተውሉት ከኋላ በሚመጣው ክላክስ ነው፤ ደንግጣችሁ ነዳጅ ትረግጣላችሁ፣ ግራ ቀኝ ሳታዩ። ያን ጊዜ እኮ ዘግይታ የምታቋርጥ ሴትዮ ገና ዜብራው መሃል ናት።

ሞተር ሳይክል ለምትነዱ በአጭሩ፦ ስልክን ሄልሜት ውስጥ ሰክቶ ማውራት እጅ ነጻ ያደርጋል፣ ግን አንድ ጆሮ ይደፍናል፣ ቀልብንም ይወስዳል። ለሁለት ጎማ ይህ ይበዛበታል።

ተሳፋሪና ደዋይ ምን ያድርግ

ነገሩ የሹፌሩ ብቻ ጉዳይ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ያለ ደዋይ ስልክ አይጠራም። ሹፌር ባል፣ ሹፌር ልጅ ወይም ሹፌር ሠራተኛ ያላችሁ፣ ስልክ ሲነሳ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ "እየነዳህ ነው?" ይሁን። "አዎ" ካለ "በል ስትቆም ደውልልኝ" ብላችሁ ዝጉት። "ቆይ አንድ ነገር ብቻ" አትበሉ። የመኪናና የባጃጅ ባለቤቶችማ በተለይ። ሹፌሩ ስልክ ካላነሳ የሚቆጣ ባለቤት፣ ራሱ ንብረቱን ወደ ግጭት እየገፋው ነው። ጠዋት ስትገናኙ የመደዋወያ ሰዓት ቁረጡ፤ ለምሳሌ ምሳ ሰዓት ላይና ማታ ሒሳብ ሲገባ።

ተሳፋሪ ስትሆኑ ደግሞ ዝም አትበሉ። ብዙ ሰው ይፈራል፣ ሹፌሩ ይሰድበኛል ብሎ። አነጋገሩን ማወቅ ነው። ጮክ ብሎ መገሰጽ ሰውን እልህ ያስገባል። ለምሳሌ ከመናኸሪያ ተሳፍራችሁ ሹፌሩ ስልክ ቢያነሳ፦

"ወንድሜ፣ ዳር ያዝና ጨርሰህ አውራ፤ እኛ አልቸኮልንም።"

"ችግር የለም፣ ጨርሻለሁ።"

"አይ፣ ቁምና ተረጋግተህ አውራ። ልጅ ይዣለሁ።"

"ልጅ ይዣለሁ" ወይም "እናቴ አብራኝ ናት" ሲባል አብዛኛው ሹፌር ያፍራል፣ ይዘጋዋል። ካልዘጋ "ወራጅ አለ" በሉና የሄዳችሁበትን ከፍላችሁ ውረዱ። ሌላ ባጃጅ ሐዋሳ ውስጥ አይጠፋም። አብረዋችሁ ያሉት ተሳፋሪዎችም ቢያግዙ ጥሩ ነው፣ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው አንገቱን ደፍቶ ከተቀመጠ የተናገረው ሰው ብቻውን ይቀራል።

ስልክ የሚያስፈልግበት ጊዜ

ግጭት ካያችሁ ወይም ከደረሰባችሁ፣ ቁሙ፣ ከዚያ ስልኩን አውጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ፖሊስ 991። ስትደውሉ ቦታውን ሰው በሚያውቀው ምልክት ተናገሩ፤ "ከሪፈራል ሳይደርስ፣ ማደያው ፊት ለፊት" ማለት ከመንገድ ስም ይሻላል። የተጎዳ ሰው ቪዲዮ መቅረጽ ግን ለማንም አይጠቅምም፣ መንገዱንም ይዘጋል። ሾፌሮች እያዩና እየቀረጹ ሲያልፉ ሁለተኛ ግጭት ሊመጣ ይችላል።

ትራፊክ ካስቆማችሁ

ስልክ ይዛችሁ ታይታችሁ ትራፊክ ካስቆማችሁ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። መንጃ ፈቃዱንና የመኪናውን ወረቀት ስጡ። "አላወራሁም፣ ሰዓት እያየሁ ነበር" ማለት አያድንም፤ ሰዓት ማየትም ቢሆን ስልኩ እጅ ላይ ነበር። የክሱን ወረቀት ከመቀበላችሁ በፊት አንብቡት፤ የተጻፈው ጥፋት የእናንተ ነው ወይ፣ ታርጋውና ቀኑ ትክክል ነው ወይ፣ መክፈያው እስከ መቼ ነው። ቀኑ ካለፈ ተጨማሪ ቅጣት ስለሚመጣ ወረቀቱን ዳሽቦርድ ላይ ጥላችሁ አትርሱት፣ በሳምንቱ ክፈሉት። ጥፋቱ የእኔ አይደለም የምትሉ ከሆነ መንገድ ዳር አትጨቃጨቁ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ሄዳችሁ ቅሬታ አቅርቡ። እጅ መንሻ ለመስጠትም አትሞክሩ፣ ለሰጪውም ለተቀባዩም ወንጀል ነው። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፣ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ ስታወጡ ያልተከፈለ ክስ አለ ከተባለ የምታሳዩት እሱን ነው።